ደም ብዛት የደም መብዛት አይደለም፦ ስለ ቆላ ፍሬ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

«ደም በዝቶብሻል እያላችሁኝ ደም የሚጨምር ነገር ልብላ እንዴ ልጄ?»

እንዲህ ያሉኝ በየወሩ የግፊት መድኃኒታቸውን ከእኔ የሚወስዱ እናት ናቸው። የምሠራበት መድኃኒት ቤት ኮዬ ፈጬ፣ ከአንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ሥር ነው። ከበሩ ፊት ለፊት የፍራፍሬ ጋሪዎች ይቆማሉ። እኒህ እናት ክኒናቸውን እንደተቀበሉ ከጋሪው ሙዝና ፓፓያ ገዝተው ወደ አራተኛ ፎቅ መውጣት ልማዳቸው ነበር። ባለፈው ወር ግን አሥር ቀን ዘግይተው መጡ፤ ጋሪውንም ፊት ነስተውት አለፉ። ምነው ብላቸው ልጃቸው በቴሌግራም የላከላቸውን ጽሑፍ ከፍተው ሰጡኝ። አስቀምጬ አሳርፌ ግፊታቸውን ለካሁ፦ 170 በ100።

ያን ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ በብዙ ሰው ስልክ ላይ አይቼዋለሁ። በዕድር ግሩፕ፣ በማኅበር ግሩፕ፣ በወላጆች ግሩፕ ይዞራል። ዝም ማለት ስላልቻልኩ ይህን ጻፍኩ።

አስቀድሜ ጽሑፉ የሚለውን በትክክል ላስቀምጥ። ጸሐፊው አባቱን በስትሮክ ያጣ ሰው ነው፤ ሌላው ቤተሰብ ያ ሐዘን እንዳይደርስበት ብሎ እንደጻፈው ያስታውቃል። ማንጎ፣ ሙዝ፣ አናናስና ፓፓያ ጣፋጭ ስለሆኑ ደም ያሞቃሉ፣ ግፊትም ይጨምራሉ ይላል። ሙዝና አቮካዶ ፖታሲየም የሚባል ጨው ስላላቸው እንደ ገበታ ጨው መታየት አለባቸው፤ አቮካዶ በተጨማሪ ቅባቱ የደም ሥር ይደፍናል ይላል። እንደ ሮማን፣ ሐብሐብና ቀይ ስር ያሉ ቀያዮቹ ደግሞ ደም ስለሚጨምሩ ደም ብዛት ላለበት አይሆኑም ይላል። አምሮት የያዘው ሰው ፍሬውን ከሚበላ ጭማቂውን ይጠጣ፤ የጋሪ ሙዝ በኬሚካል ስለሚበስል ግፊት ያስነሳል፤ ኮምጣጣ ፍሬ በሙሉ ከመድኃኒት ጋር ይጣላል ይላል። መጨረሻ ላይ ግን ያንኑ ኮምጣጣ ሎሚ ከነጭ ሽንኩርት ጋር በባዶ ሆድ የጠጣ ሰው ክኒኑን ቀስ በቀስ ሊተው እንደሚችል ይመክራል። ግፊታችንን በየጊዜው እንድንለካ ማሳሰቡ ደግሞ ትክክል ነው፤ በዚያ እስማማለሁ።

ከስሙ ልጀምር፤ የስህተቱ ግማሽ የመነጨው ከምንጠራበት ቃል ይመስለኛልና። አያቶቻችን በሽታውን ደም ብዛት አሉት። ዛሬም ሐኪሙ «ግፊት» ሲል ታካሚው በልቡ «ደሜ በዝቷል» ብሎ ነው የሚሰማው። ደሙ የበዛበት ሰው ደም ይጨምራል የተባለውን ቢሸሽ ምን ይፈረድበታል? ደም ላነሰው ሁሉ ቀይ ስር ብላ በሚባልበት አገር፣ ደም ለበዛበት ሰው ቀይ ስር መስጠት በእሳት ላይ ጭድ መጨመር ይመስላል።

የሚለካው ግን የደሙ ብዛት አይደለም። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ አምስት ሊትር ገደማ ደም አለ፤ ግፊት የሚባለው ይህ ደም ሲዘዋወር የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። በውሃ ጎማ ግቢ ያጠጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጫፉን በአውራ ጣት ሲጫኑት ውሃው ርቆ ይፈናጠራል፤ ከቧንቧው የተጨመረ ውሃ የለም፣ መውጫው ነው የጠበበው። የፍሬ ቅላትም ወደ ደም አይገለበጥም። ደም ያነሰው ሰው ብረት ሲያገኝ ሰውነቱ የጎደለውን ይሠራል፤ ያልጎደለው ሰው ግን ሮማን ስለበላ ስድስተኛ ሊትር አይጨመርለትም። ቀይ ስርማ እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው የሚሠራው፦ በውስጡ ያለው ናይትሬት ሰውነታችን ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል፣ ያ ጋዝ ደግሞ የደም ሥርን ያላላል።

ስሙን እንደ ቃሉ እንውሰደው ካልንም፣ በደም ሥር ውስጥ ያለውን ፈሳሽ በእርግጥ የሚያበዛ ነገር አለ። እሱም ጨው ነው። ጨው ውሃ ይዞ ያስቀራል፤ ጨው ያበዛ ሰው የሚጠማውም ለዚሁ ነው። ሐኪሞች ለብዙ ታካሚ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚያዙበት አንዱ ምክንያት ያንን ጨውና ውሃ በሽንት ለማስወጣት ነው። ጽሑፉ ከጋሪው ላይ ሲፈልገው የነበረው ደም አብዢ በየቤታችን የጨው ዕቃ ውስጥ ተቀምጧል።

ይህ ወደ ፖታሲየም ያመጣኛል። ጸሐፊው ፖታሲየምን «ጨው» ሲል ከኬሚስትሪ አንጻር ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ፖታሲየምም ሶዲየምም ማዕድናት ናቸው፣ በደማችንም ውስጥ አብረው ይገኛሉ። ግን ግፊትን የሚጨምረው በገበታ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ነው። ፖታሲየም ተቃራኒው ነው፦ ኩላሊት ሶዲየሙን በሽንት እንዲያስወጣ ይገፋፋል፣ የደም ሥርን ግድግዳም ያላላል። 100 ግራም ሙዝ 360 ሚሊግራም ገደማ ፖታሲየም ሲኖረው ሶዲየሙ 1 ሚሊግራም ብቻ ነው። አቮካዶ በተመሳሳይ ክብደት 485 ገደማ፣ ዘይቱን ከ400 በላይ፣ ፓፓያና ማንጎ ከ170 እስከ 180 ገደማ፣ አናናስ 110 ገደማ ፖታሲየም ይሰጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን ሲል፣ ፖታሲየም ግን በቀን ቢያንስ 3510 ሚሊግራም ይሁን ይላል። አንዱን ቀንሱ፣ ሌላውን ጨምሩ የተባሉ ሁለት ነገሮች በምን መንገድ አንድ ይሆናሉ?

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም፤ በሰው ላይ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የታተመውና ዳሽ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ጥናት 459 ሰዎችን በሦስት ዓይነት አመጋገብ ከፍሎ ለስምንት ሳምንት አበላቸው። የሁሉም ጨው እኩል ነበር። ፍራፍሬና አትክልት የበዛላቸው ሰዎች ግፊት ወረደ፤ ፍራፍሬና አትክልቱ ላይ ቅባቱ የተቀነሰ ወተትና የወተት ተዋጽኦ የተጨመረላቸው ደግሞ ይበልጥ ወረደላቸው። ከእነዚህ መካከል ቀድሞውኑ ግፊት የነበረባቸው ሰዎች የላይኛው ቁጥራቸው በአማካይ በ11 ነጥብ ገደማ ቀንሷል። ሌላው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ነው፤ በቻይና 600 የገጠር መንደሮች፣ 21 ሺህ ገደማ ሰዎች የተካተቱበት። ስትሮክ መቷቸው የሚያውቅ፣ ወይም ዕድሜያቸው 60 አልፎ ግፊት ያለባቸው ሰዎች ነበሩ። በግማሾቹ መንደሮች የቤቱ ጨው ሩብ ያህሉ በፖታሲየም ጨው ተተካ። በእነዚያ መንደሮች ስትሮክ በ14 በመቶ ቀነሰ። ጸሐፊው ጨው ነው ብሎ የሚያስጠነቅቅበት ፖታሲየም፣ አባቱን ከነጠቀው በሽታ ሰዎችን ጠበቀ ማለት ነው። ይህን የምጽፈው ልረታው ብዬ አይደለም፤ ቢያውቀው ኖሮ ራሱ እንዲህ ይጽፍ እንደነበር ስለማምን ነው።

ስለ አቮካዶ ቅባት በአጭሩ፦ አብዛኛው ቅባቱ ከወይራ ዘይት ቅባት ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ሥር ደፋኝ እየተባለ ከሚጠረጠረው ከሚረጋው ቅባት ወገን አይደለም። ያወፍራል ከተባለ፣ አዎ፣ በብዛት ከተበላ ያወፍራል፤ ውፍረትም ግፊት ይጨምራል። ግማሽ አቮካዶ በቂ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አቮካዶው ላይ የምንነሰንሰው ነው። እኒያን እናት እንዴት እንደሚበሉት ጠየቅኋቸው። «በዳቦ፤ ጨውና ሚጥሚጣ አድርጌ» አሉኝ። ሚጥሚጣው ራሱ ጨው አለው፣ ዳቦውም አለው፣ በላዩ ላይ ደግሞ ጨው። ምሳ ላይ ሽሮው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፣ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ወጡ ሲወጣ ደግሞ «ጨው አነሰው» ተብሎ ይጨመራል። ከሰዓት ቡና ላይ ቆሎው በጨው የታሸ ነው። 5 ግራም ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ መሆኑን ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ያን ሁሉ አልፎ ሙዝ ላይ ጣት የሚቀስር ምክር ነው የደረሳቸው።

አሁን ጸሐፊው ወደ እውነት የተጠጋበትን ልናገር፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፖታሲየም በእርግጥ የሚያሰጋቸው ሰዎች አሉ። የተረፈውን ፖታሲየም የሚያስወጣልን ኩላሊት ነው። ግፊቱ ለብዙ ዓመት ሳይታከም የቆየ ሰው ኩላሊቱ ሳያውቀው ሊጎዳ ይችላል፤ ያኔ ፖታሲየም በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ሲበዛ ጡንቻ ያደክማል፣ የልብ ምት ያዛባል፣ ሊገድልም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ምልክት ሳያሳይ ነው የሚመጣው። ከግፊት መድኃኒቶች መካከልም ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታንና በተለይ ስፓይሮኖላክቶን ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን በተቃራኒው ፖታሲየምን ከጨው ጋር አብሮ ያጥበዋል። ስለዚህ በአንድ ደረጃ የሚኖሩ፣ ሁለቱም «ግፊት አለብኝ» የሚሉ ጎረቤቶች ስለ አንዱ ሙዝ ሁለት የተለያየ ምክር ሊሰጣቸው ይችላል። ኩላሊቷ ደህና ሆኖ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ብቻ ለምትወስደው ሙዙ ይጠቅማታል። ኩላሊቱ ተጎድቶ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን አብረው የታዘዙለት ሰው ግን ሙዝን፣ አቮካዶን፣ ዘይቱንንና ብርቱካንን ሐኪሙ በሚነግረው ልክ ብቻ መብላት አለበት። ያ የቻይናው የፖታሲየም ጨውም ለእሱ አይሆንም።

ይህን መለየት የሚቻለው በደም ምርመራ ነው። ክሪያቲኒን የሚባለው የኩላሊቱን ሁኔታ ያሳያል፤ የፖታሲየም ልኬት ደግሞ አለ። ለክትትል ስትሄዱ «ኩላሊቴ መቼ ነው የታየው? ፖታሲየሜስ?» ብላችሁ ጠይቁ። በመድኃኒት ቤቴ መስኮት ከሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙዎቹ ስለ ፍሬው ይጠይቁኛል፤ ስለ ኩላሊታቸው የሚጠይቁኝ ጥቂት ናቸው። ጽሑፉ ይህን ቢጽፍ ኖሮ እኔው ራሴ ለሰው አሠራጨው ነበር። እሱ ግን ለጥቂቶች የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ ለሁሉም ክልከላ አደረገው፤ ጥንቃቄው ለማን እንደሆነ ደግሞ ሳይናገር አለፈ።

የስኳሩ ነገር ብዙም አያቆየኝም። ደም በስኳር አይሞቅም፤ ትኩሳት ካልያዘን በቀር የሰውነታችን ሙቀት ያው ነው። ያልተጨመቀ ፍሬ ስኳሩ ከቃጫውና ከውሃው ጋር ስለሚመጣ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ግፊት ብቻ ያለበት ሰው አንድ ሙዝ ወይም አንድ ቁራጭ ፓፓያ ቢበላ የሚጎዳው ነገር የለም። ግፊትና የስኳር በሽታ አብረው ያሉበት ሰው ግን ልኩን ማወቅ አለበት፦ ሙሉ ትልቅ ማንጎ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ግማሹን፣ ከእራት በላይ ተደራቢ ሳይሆን በምግብ መካከል። የማንጎ ወቅት ሲገባ በኪሎ ገዝቶ ቁጭ ብሎ የመጨረስ ልማዳችንን ጸሐፊው ቢወቅስ አብሬው እወቅሳለሁ።

ግን ስኳርን እንዲህ የፈራ ሰው ጭማቂን መምከሩ አልገባኝም። ብርቱካን ሲጨመቅ ቃጫው ይጣላል፣ ሦስት አራት ብርቱካን በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል፤ አራት ብርቱካን ቁጭ ብሎ ልጦ የሚበላ ስንት ሰው ነው? የእኛ ጁስ ቤቶች አቮካዶና ማንጎ ተፈጭቶ እንጂ ተጨምቆ ስለማይቀርብ ቃጫው ይቀራል፤ ያ ጥሩ ነው። ችግሩ ስፕሪሱ ሲሠራ የሚጨመረው ስኳርና በላዩ የሚፈሰው ቪምቶ፣ የብርጭቆውም ትልቅነት ነው። ካማራችሁ «ያለ ስኳር፣ ያለ ቪምቶ» ብላችሁ እዘዙ፤ ለሁለት ተካፈሉት።

ስለ ማብሰያው ኬሚካልም ጸሐፊው ፍርሃቱን ከየትም አላመጣውም። ፍሬ ቶሎ እንዲበስል የሚደረግበት ካልሲየም ካርባይድ ንጹሕ ካልሆነ አርሴኒክና ፎስፈረስ ሊኖረው ይችላል፣ መቆጣጠርም ይገባል። ነገር ግን ይህ ስለ ምግብ ደህንነት የሚነሳ ለሁሉም ሰው የሚሆን ጥያቄ ነው፤ ግፊት ያለበትን ሰው ለይቶ የሚመለከት አይደለም። ከመላጣችሁ በፊት እጠቡት።

ኮምጣጣ ፍሬ በሙሉ ከመድኃኒት ጋር ይጣላል የሚለው አንድ እውነት ተለጥጦ የመጣ ነው። እውነቱ ግሬፕፍሩት የሚባለው፣ ብርቱካን የሚመስል መራራ ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የካናዳ ተመራማሪዎች ፌሎዲፒን የሚባለውን የግፊት መድኃኒት ከአልኮል ጋር ሲያጠኑ፣ የአልኮሉን ጣዕም ለመሸፈን በግሬፕፍሩት ጭማቂ በረዙት፤ የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ከተጠበቀው በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። በኋላ ምክንያቱ ታወቀ፦ ግሬፕፍሩት በአንጀት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሰባሪ ኢንዛይም ያሰናክለዋል፤ ስለዚህ አንድ ክኒን የብዙ ክኒን ያህል ይሆናል። ፌሎዲፒን ወይም ኒፈዲፒን የሚወስድ፣ ወይም ለኮሌስትሮል ሲምቫስታቲን የታዘዘለት ሰው ግሬፕፍሩት ይተው። ጠዋት ፍሬውን፣ ማታ ክኒኑን ብሎ ማራራቅም አያድንም፤ ውጤቱ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያልና። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚወስደው አምሎዲፒን ላይ ያለው ተጽዕኖ ትንሽ ነው። የተለመደው ጣፋጭ ብርቱካን፣ መንደሪንና አናናስ ግን ይህን አያደርጉም። አንድ ጥፋተኛ ፍሬ ተገኘ ተብሎ ዘመዱ ሁሉ አይታሰርም።

የቀረው ሎሚው ነው፤ ሌላውን ሁሉ ባልጽፍ እንኳ ይህን እጽፍ ነበር።

እኒያ እናት ለምን አሥር ቀን እንደዘገዩ ስጠይቃቸው ያለፈው ወር ክኒን ስላላለቀ እንደሆነ ነገሩኝ። በጽሑፉ መሠረት ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ጀምረው፣ አምሎዲፒናቸውን አንድ ቀን እየዘለሉ፣ በኋላም ጭራሽ ትተውት ነበር። «በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተለክቼ ደህና ነኝ፤ ሠርቶልኛል» አሉኝ። ዋሽተው አይደለም። አምሎዲፒን በሰውነት ውስጥ ከገባ ግማሹ እስኪወጣ ብቻ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጅበታል። ክኒኑን የተወ ሰው ለጥቂት ቀናት ግፊቱ የማይነሳው የቀድሞው መድኃኒት ገና እየሠራለት ስለሆነ ነው። ክኒኑ ሠርቶ ሎሚው ተመሰገነ። መድኃኒቱ ሲያልቅ ግፊቱ ተመለሰ፤ ግፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ ስለዚህ አላወቁትም። ሌላም አለ፦ አራት ፎቅ ወርዶ፣ በፀሐይ ተጉዞ ወዲያው የተለካ ግፊት ከፍ ይላል፤ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ሲለካ ይወርዳል። በመካከሉ ሎሚ የጠጣ ሰው ወርዶልኛል ቢል አይገርምም።

ሎሚ መጥፎ ነው አላልኩም። ሰላጣው ላይ፣ አቮካዶው ላይ፣ ዓሣው ላይ በጨው ፋንታ ሎሚ መጭመቅ ግፊት ላለበት ሰው ከምሰጣቸው ምክሮች የምወደው ነው። ነጭ ሽንኩርትም ግፊትን በትንሹ ዝቅ እንደሚያደርግ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። የክኒን ምትክ ግን አይሆኑም። ክኒን የሚቀነሰው፣ ጨውና ክብደት ተቀንሶ ልኬቱ ለሳምንታት ሲወርድ ያየ ሐኪም ሲቀንሰው ነው።

እናታችንን በዚያው ዕለት ከልጃቸው ጋር ወደ ሐኪማቸው ላክኋቸው፤ ክኒናቸውን ቀጥለዋል፣ የኩላሊት ምርመራም ታዞላቸዋል። ውጤቱ እስኪመጣ ሙዙን በቀን አንድ እንዲያደርጉት፣ ፓፓያውን እንዳይተዉት፣ ሚጥሚጣውን ከአቮካዶው ላይ እንዲያነሱት ተነግሯቸዋል።

ጸሐፊውን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ስለ ማንጎና ስለ ሮማን የጻፍከውን ብታርመው ደስ ይለኛል፤ ባታርመውም የከፋው ጉዳቱ የሰውን ማዕድ ማደህየቱ ነው። ክኒን ስለ መተው የጻፍካትን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ አውጣት፤ የላክህባቸው ግሩፖች ሁሉ ላይም መታረሟን ጻፍ። አባትህን ያጣህበት በሽታ የሚመጣው በዚያች በር ነው።